መሸኛ የሌለው ተረኛ

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የጅማን መንገድ በድንጋይ በዘጋበት ሰሞን፣ ዓለም ገና ውስጥ ጸጉረ ልውጥ ያከራየ ሁሉ ያስመዝግብ ተባለ። ከግቢዬ ጀርባ ካለችው ጎረቤቴ ዘንድ የተከራየው በር በያጅ ከሰሜን ድንበር ማዶ ሸሽቶ የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ እንዲያመጣ በትሕትና ጠየቀው። ሰውየው ድንበር ጥሶ እንደወጣ፣ ማንም እንዳልሸኘው አስረዳ። ጸሐፊው ከልቡ አዘነና በፖስታ እንዲያስልክ መከረው። እስከ ሰኞ ካላመጣ ግን አከራይዋ ታስወጣዋለች፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

ነገሩ ወደ ጽዋ ማኅበራችን መጣ። በየወሩ በተራ የምንደግስ አሥራ ሁለት ሰዎች ነን፤ ጸሐፊውም አባል ነው። እንግዳን መቀበል የክርስቲያን ግዴታ ስለመሆኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ተስማማን። አባል እናድርገው ሲባል ግን አንዱ ተነሥቶ፣ በደንባችን መሠረት አዲስ አባል ከቀድሞ አጥቢያው ደብዳቤ ማቅረብ እንዳለበት አስታወሰ። ከቀበሌው በምን እንለያለን ብዬ ጠየቅሁ። የእኛ ማኅተም መስቀል አለው ተባልኩ።

የመጪው ወር ተረኛ እዚያው ተወልደው ያረጁ ገበሬ ነበሩ። ጽዋውን ተቀብለው ወጡና ደጅ ቆሞ ውሳኔ የሚጠብቀውን ስደተኛ አስታቀፉት።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ የሚመጣው ወር ድግስ አንተ ቤት ነው።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ሰኞ እባረራለሁ።»

«ጽዋ ያለበትን ቤት ማን ደፍሮ ይዘጋል?»

አባል አይደለም ብንላቸው፣ ተራው የእኔ ነው፣ የምደግስበትን ቤት እኔ እመርጣለሁ አሉን።

ሰኞ ጸሐፊው መጣ። አከራይዋ ጽዋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ነጭ ጨርቅ አልብሳው ጠበቀችው። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ እጅ ነሣ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ «እስከ ድግሱ ድረስ ይቆይ» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት።

የድግሱን ዳቦና ጠላ ሁላችንም እርስ በርስ ተደብቀን ይዘን ስለሄድን፣ በማኅበራችን ታሪክ እንደዚያ ተርፎን አያውቅም። ቀጣዩ ተረኛ ነጋዴው፣ ቤቴን ቀለም እያስቀባሁ ነው፣ ጽዋው እዚሁ ይቆይ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሚስቱን አራስ አደረጋት፤ ሴትየዋ አጠገቡ ተቀምጣ ጠላ ታድላለች። እኔ ጣራዬ ያፈሳል አልኩ። ወቅቱ በጋ ነበር። ወረቀቱም በየወሩ ታደሰ።

በመጨረሻ ተራው ጸሐፊው ጋ ደረሰ። ሁላችንም አየነው። ጽዋውን አየ፣ በያጁን አየ።

«እኔም ለጊዜው አልተመቸኝም» አለና ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ።