አርባ አንድ ጥቁር ፎቶ

ነገሩ ሁሉ ተደምሮ ያስወጣኝ አንዲት እህት ነው፤ ያስገባልኝ ደግሞ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ። ፈልጌ አይደለም የማስታውሰው። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ጫማ ነጋዴ ነኝና፣ ከደሴ የመጣ ካርቶን በከፈትኩ ቁጥር የአዲስ ጎማና የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ወደዚያ ክረምት ይመልሰኛል፤ ደንበኛው ፊቴ ቆሞ ዋጋ ሲጠይቀኝ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ እግሬን እየለካኝ ነው።

እህቴ ዘሃራ ከጅዳ ለእረፍት የመጣችው በነሐሴ ዝናብ ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነች እታለም እያልን ነበር የምንጠራት። አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ በላከችው ገንዘብ አባቴ ቆርቆሮ ቤት ጀምሮ፣ ጣሪያው አልቆ ግድግዳው ገና ሳይመረግ ደረሰች። ዘመድ አንሶላና ሽቶ ሲጠብቅ እሷ ከሻንጣዋ ያወጣችው ሳሙና የምታክል ካሜራ ሆነች። ጎረቤቱ ነጠላውን እያስተካከለ ተሰልፎ ተነሣ፤ እታለም ሁሉንም በትዕግሥት አንስታ ስታበቃ የምትፈልገው ግን ሰማዩን እንደሆነ ነገረችን። አሠሪዎቿ ቤት የነበራት መስኮት የሚከፈተው ወደ ሌላ ግድግዳ ስለነበር አራት ዓመት ሙሉ ኮከብ አላየችም። የነሐሴ ሰማይ ደግሞ ለማንም አይታዘዝም፤ ማታ ማታ በር ላይ ወጥታ አንጋጣ ዝናብ ፊቷን መትቶት ትመለሳለች፣ እናቴም «ሙሽራ የቀረባት ትመስላለች» እያለች ትስቅባት ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ተከፈተ። ጨረቃዋ ጠልቃ የከተማው መብራት ሲጠፋ እታለም ቀስቅሳኝ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው አውድማ እንወጣ ነበር። የእኔ ሥራ አንድ ቁና ባቄላ ተሸክሞ መሄድ ነው። እሷ ካሜራዋን ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ባቄላው ውስጥ ትቀብራታለች፣ እንዳትነቃነቅ፤ ከዚያ ቁልፉን ተጭና «ትንፋሽህን ያዝ» ትለኛለች፣ እኔም ጉንጬን ነፍቼ እስከ አሥራ አምስት እቆጥራለሁ። ጣቴን ወደ ሰማይ መቀሰር ግን እፈራ ነበር፤ በእኛ አገር ኮከብ የቆጠረ ልጅ እጁ ላይ ኪንታሮት ይበቅላል።

«የምንቆጥረው ከፎቶው ላይ ነው» አለችኝ። «ፎቶ ኪንታሮት አያወጣም።»

በካሜራዋ ትንሽ መስታወት ላይ የሚታየው ግን ጥቁር ብቻ ነበር። ደሴ ወስዳ በኮምፒውተር ስታበራው ኮከቡ እንደሚወጣ ነግራኝ፣ እዚያው አውድማ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ ሌላም ነገር ነገረችኝ፦ ከእንግዲህ ጅዳ አትመለስም፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ትከፍታለች፣ መብራት የምይዘው እኔ ነኝ። ይህን ወሬ በማግሥቱ ለአባቴ በነፃ ሰጠሁት። ያኔ ንግድ አላውቅም ነበር።

አባቴ አልተቆጣም። ያልተመረገውን ግድግዳ አየት አደረገ። ቅዳሜ ገበያ ይዞኝ ሄደና ሸራ ጫማ የተንጠለጠለበት ድንኳን ፊት አቁሞ፣ ኮንጎ ጫማዬን አስወልቆ እግሬን በስንደዶ ለካ፣ ልኬ ላይ ቆረጠው፣ ጫማውን ሳይገዛ ስንደዶውን ደረት ኪሱ ከተተው።

«ዓርብ ሽማግሎች ይመጣሉ» አለኝ። «ይጠይቁሃል። ያላየኸውን አትናገር።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድርድር አይቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አልገጠመኝም።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለት ሽማግሎችና አጎቴ ሰይድ መጥተው ተቀመጡ። ክሱ ቀላል ነው፦ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ ያውም ከዓረብ አገር የመጣች ልጅ በሌሊት አውድማ ትወጣለች፤ ከማን ጋር? እታለም ካሜራዋን አምጥታ የሌሊቱን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየቻቸው። አጎቴ ከዓይኑ አርቆ፣ አዙሮ፣ ዘቅዝቆ አየውና «ይኸማ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ለማንሳት ነው ከመኝታሽ የምትነሺ? ከድስቱ ቂጥ ማንሳት አይቀልሽም?» ሲል ሽማግሎቹ ጢማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እሷም ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«አብሮኝ ነበር። እሱን ጠይቁት።»

አባቴ ስንደዶውን ከኪሱ አውጥቶ በጣቶቹ መካከል ያሽከረክር፣ ጫፉንም ያኝክ ጀመር።

ትልቁ ሽማግሌ «ወላሂ በልና ተናገር ልጄ፤ ሌላ ሰው ነበር ወይስ አልነበረም?» አሉኝ።

«ወላሂ ጨለማ ነበር» አልኩ። «ማን እንዳለ አይታይም።»

አልዋሸሁም። እስከ ዛሬም ስሸጥ አልዋሽም፤ ቆዳ ነው ወይ ሲሉኝ እንደ ቆዳ ይበረክታል እላለሁ። እታለም ካሜራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችኝ። ሽማግሎቹም ወሬው ጎረቤት ወረዳ ወግዲ ሳይደርስ ወደ ሥራዋ ብትመለስ ለክብሯ እንደሚሻል ተስማምተው ዱዓ አድርገው ተነሡ። ካሜራዋን አባቴ ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈባት።

ጥቅምት ላይ ሄደች። ጫማዬም በዚያው ሳምንት መጣ፣ ስንደዶው ግን በሽማግሎቹ ፊት ጫፉ ታኝኮ ስለነበር ጫማው አንድ አውራ ጣት አጠረኝ። ያንኑ አድርጌ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሳይነሣ ጎንበስ ብላ የጫማዬን አፍንጫ በጣቷ ጫን አደረገችው።

«ጠቦሃል» አለችኝ። «ግድ የለም፣ ልመደው።»

ኅዳር ሳይወጣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ወለቀ። በበጋው ግድግዳው ተመረገ፣ ወለሉም ሲሚንቶ ገባበት፣ አባቴም እስኪሞት ያንን ግድግዳ ተደግፎ እየተቀመጠ ልጄ የሠራችው ነው ይል ነበር።

እታለም አሁንም እዚያው ናት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ለእረፍት አልመጣችም። ሱቄ የተከፈተው በእሷ ገንዘብ ነው፣ ለእሷ በተተወው ክፍል የእኔ ካርቶን ተደርድሯል። ለእናቴ ስትደውል መጨረሻ ላይ «ለሁሉም ሰላም በሉልኝ» ትላለች፤ እኔ እዚያ «ሁሉም» ውስጥ ነኝ። ዛሬ ተማሪው ለእረፍት ሲመጣ ሌሊት ስልኩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ኮከብ ያነሣል፣ ሴቶቹም ያነሣሉ፣ ከማን ጋር ነበራችሁ የሚል የለም።

አባቴን ከቀበርን በኋላ ሳጥኑን ስከፍት ካሜራዋን አገኘኋት። ካርዱን አውጥቼ ፎቶ ቤት ወሰድኩት፣ ባለሙያው በኮምፒውተሩ ጥቁሩን ገፈፍ ሲያደርገው ከወንፊት የወረደ ዱቄት የመሰለ ኮከብ ወጣ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። ኪንታሮት አልወጣብኝም። በመጨረሻው ፎቶ ካሜራዋ ባቄላው ውስጥ ዘንበል ብላ ኖሯል፤ ጥጉ ላይ ነጭ ኮንጎ ያደረገ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ጉንጩን ነፍቶ ተቀምጧል።

ሁሉንም በስልክ ላክሁላት። አየቻቸው። በሳምንቱ ለእናቴ ደውላ ለሁሉም ሰላም በሉልኝ አለች።

ሒሳቡ ይኸው ነው፦ ጥቁር ፎቶ አርባ አንድ፣ ወንድ ያለበት አንድ፣ ወንዱም እኔ።