የሞጣው ልብስ ሰፊ ያገኛት ቅጠል

ቢቸና ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ገበሬውም ቄሱም የጥንት ቅጠል የታተመበት ድንጋይ ሲያገኝ ወደ እኔ ያመጣል፤ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ እነግረዋለሁ። የከበደኝን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለች ባለሙያ እልካለሁ። ክብሬ ይኸው ነበር፣ ሞጣ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ እስኪነሳብኝ ድረስ።

ሰውዬው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሰንበት ከቅዳሴ መልስ እንዲህ ያለ ድንጋይ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ይውላል፤ ያገኘውን በሚኒባስ ይዞልኝ ይመጣል። አንድ ቀን ያመጣት ቅጠል ከአንገቷ እስከ ጫፏ ሙሉ ነበረች። እኔን እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞኝ አያውቅም። በወጉ እንኳ ሳላያት ወይራ ናት አልኩት።

ወጣና በአቅራቢያው ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የዶቅማ ቅጠል ቆርጦ ተመለሰ። ከድንጋዩ ጎን አስቀምጦ አጉሊ መነጽር ሰጠኝ። በሁለቱም ላይ ከጠርዙ ገባ ብሎ አንድ ቀጭን ጅማት ዙሪያውን ይሄዳል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር፣ እኔ ከጠርዝ ነው የምጀምር። ወይራ እንዲህ አይቀመቀምም» አለኝ።

አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት ርዝመትና ወርድ ስለካ ጠርዝ ማየት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ማየቴን ግን አልነገርኩትም። ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ስለሌለው፣ ለባለሙያዋ እንድልክለት ድንጋዩን ትቶልኝ ሄደ። ዶቅማ መሆኗ ከተረጋገጠ አግኚው ተብሎ የሚመዘገበው እሱ ነው። ይህን ሳስብ ቅናት ድብን አደረገኝ።

በሩን ዘጋሁ። አፈር ላራግፍላት ነው እያልኩ ራሴን እየሸነገልኩ፣ በመርፌ ጠርዟን ዙሪያውን ፋቅኋት። ከዚያ ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

ባለሙያዋ ጠርዟ ስለተበላ የምን ቅጠል እንደሆነች መለየት አይቻልም ብላ ጻፈችልኝ። ደውዬ ነገርኩት፤ ጅማት የሚባል አልተገኘም ብዬ።

«ያን ዕለት እርስዎም አይተውት ነበር አይደል?» አለኝ።

«አላየሁትም። ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

«እንግዲያስ ዓይኔ ነዋ» አለ።

ከወር በኋላ ሞጣ ደርሶ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ሱሪ ሊያሳጥር ወደ እሱ ሄዶ ነበር። የስፌት መኪናው ተሸፍኖ አገኘው። ሰውዬው ዓይኔ እያታለለኝ ነው፣ የሰው ልብስ አበላሻለሁ ብሎ መስፋት ትቷል።