በቀን አስር ሬዲዮ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮ የጠገንኩ ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ልጅ ሳለሁ አከራያችን ለቅዳሴ ሲሄድ ሬዲዮውን ፈታሁት፤ ሳይመለስ ገጠምኩት። ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጮክ ብሎ ይናገር ጀመር። ከዚያ ወዲህ ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ያቃታቸውን ዕቃ ወደ እኔ ሲያመጡ ኖረዋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ሥራው ቀዘቀዘ። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ገዛ። በሳምንት ሁለት ሬዲዮ ከመጣልኝ ደህና ሳምንት ነበር። መደርደሪያዬ ግን እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው፤ ባለቤቶቻቸው "ነገ እወስደዋለሁ" ብለው ጥለዋቸው በቀሩ ሬዲዮዎች።

እንደ እኔ ያለ ደረጃ ሐ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ አይይዝም። ገማቾች መጥተው ሱቁን አይተው፣ ጠይቀው፣ የቀን ገቢውን ይገምታሉ፤ ግብሩ የሚወሰነው በዚያ ነው። የሚመጡበት ቀን ደግሞ አስቀድሞ ይሰማል። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ይደኸያል። ስጋ ቤቱ አንዲት የጎድን አጥንት ብቻ ይሰቅላል። ጎረቤቴ፣ ሻይ ቤት ያላት ሴት፣ ግማሹን ብርጭቆ አልጋ ስር ከታ፣ የተቀደደ ሹራብ ለብሳ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች።

እኔ ኮቴን ለብሼ ክራቫት አሰርኩ።

"ጋሼ፣ ሠርግ አለብዎት እንዴ?" አለችኝ።

"እንግዳ ስቀበል እንዲህ ነኝ።"

"ገማች እኮ ናቸው! ኧረ በናትዎ፣ ያንን መደርደሪያ እንኳ በአንሶላ ይሸፍኑት።"

አልሸፈንኩም። የመጡት አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ ነበሩ። ልጅቷ መደርደሪያውን ቀና ብላ አይታ "ውይ! ይሄ ሁሉ ሥራ ነው?" አለች። ሥራዬን ያደነቀ ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር። የሚሠሩትን አራት ሬዲዮ ባንዴ ከፍቼ አስጮህኩላት።

"በቀን ስንት ይጠግናሉ፣ አባቴ?"

"ካሰኘኝ አስር።"

ልጁ "አስር" ብሎ ጻፈ። "ካሰኘኝ" ያልኩትን ተወው።

ውሳኔው ሲደርሰኝ የቀን ገቢዬ ከስጋ ቤቱ በልጦ ተገኘ። በሬ ከሚጥል ሰው! ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ። ማታ ቤት ስገባ ግን ባለቤቴ አነበበችው።

"ይህን ሐምሌ ሳያልቅ ካልከፈልክ ፈቃድህ አይታደስም። ፈቃድ ከሌለህ ቀበሌ ሱቁን ይወስደዋል። ከዚያ የት ልትውል ነው? እኔ ጋ?"

በትዳር ዘመናችን ሁሉ ቀን ቀን አይታኝ አታውቅም፤ ልትለምደኝም የፈለገች አትመስልም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ቅሬታ አቀረብኩ። ቅሬታ ሰሚዎቹ የሚቀመጡት ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ጎረቤቴን ምስክር አድርጌ ይዣት ሄድኩ። መጀመሪያ ወጪዬ ይቀነስልኝ አልኩ፤ የብየዳ እርሳሱ፣ መብራቱ፣ ለደንበኛ የማዝዘው ሻይ።

"ወጪ የሚቀነሰው መዝገብ ለያዘ ነው" አለ ሰብሳቢው።

"መዝገቤ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። አንድ ሳንቲም አይስትም።"

"ጭንቅላትዎ ማኅተም አለው?"

ሳቁ። ከዚያ ሰብሳቢው ራራልኝ መሰለኝ። "ይልቅስ በቀን አስር ሬዲዮ መጠገን እንደማይችሉ ይናገሩና ይፈርሙ። ግምቱ ይወርድልዎታል።"

"እችላለሁ።"

"አባቴ፣ 'አልችልም' ይበሉ።"

"አስራ ሁለትም እችላለሁ።"

ተስፋ ቆርጦ ወደ ምስክሬ ዞረ። ጎረቤቴ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች።

"ወላሂ እውነቱን ነው የምናገረው። እኝህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ነው የሚውሉት። የኔን ሬዲዮ ከወሰዱት ሦስት ዓመት አለፈ። ስጠይቃቸው 'ዕቃ ታዟል' ነው መልሱ። አስር? አንድም ሲጨርሱ አላየሁ!"

ምን ያህል ጥሩ ምስክርነት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ብድግ አልኩ።

"ያንቺ ሬዲዮ እኮ ዘይት ጠጥቶ ነው የመጣው! ሬዲዮ ሳምቡሳ መጥበሻ አጠገብ ይቀመጣል? እሱንም ቢሆን ከፈለግሁ ባንድ ሰዓት አናግረዋለሁ!"

"አባቴ፣ ምስክርዎ ናት እኮ።"

"ምስክሬ ሆና ነው ስሜን የምታጠፋው?"

ጸሐፊዋ "ባንድ ሰዓት" ብላ ጻፈች። ግምቱ ጸና።

ካዛንቺስ ከታክሲ ስንወርድ ጎረቤቴ "በቃ፣ እንግዲህ አስር አስር ይጠግኑዋ!" ብላኝ ሻይ ቤቷ ገባች። ተናዳ ያለችው ነው። እኔ ግን ሱቄን ከፍቼ መደርደሪያውን አየሁና ትክክል መሆኗ ታየኝ።

በማግስቱ ጀመርኩ። ከማይድነው ሬዲዮ እየፈታሁ ለሚድነው ገጠምኩ። ክረምቱ ገብቶ ነበርና የተጠገነውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ የባለቤቶቹን ቤት እያጠያየቅሁ ሄድኩ። ሰንጋ ተራ አንድ ጡረተኛ በሩን ከፍቶ አፈጠጠብኝ።

"ይሄ ዕቃ አለ እንዴ? እኔ እኮ ሸጠውታል ብዬ ትቼዎት ነበር።"

"ተጠግኗል። ክፈል።"

ከፈለ። ጎተራ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሴትየዋ "ይሄ እኮ የአማቴ ነበር፤ አማቴም ሞቱ" አለችኝ። "ሬዲዮው አልሞተም" ብዬ ከፈትኩላት። እሷም ከፍላ፣ አልሞቅ ያለ ካውያ ጨምራ ሰጠችኝ። ለሁሉም፣ ሳይጠይቁኝ፣ ደረሰኝ ቆረጥኩ። የተረሳ ሬዲዮ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ ወሬው ተዛመተ፤ ቴፑም፣ ካውያውም፣ ምድጃውም ይመጣልኝ ጀመር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ባንድ ቀን አስር ጠገንኩ። ጎረቤቴን ጠርቼ አስቆጠርኳት።

"ዘጠኝ ነው፤ ይሄኛው ካውያ ነው" አለች።

ካውያም ዕቃ ነው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ያደረግሁት ይህ ነው፦

ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ወረፋ ይዤ ግብሬን በሙሉ ከፈልኩ።

ሱቄን አላስወሰድኩም፤ ባለቤቴም ቀን ቀን ቤቷን ለብቻዋ ይዛ ቀረች።

ከስጋ ቤቱ የበለጠ ከፈልኩ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይየው።

"አልችልም" በሚል ቃል ላይ አልፈረምኩም።

በዓመቱ ያችው ገማች ልጅ መጥታ ባዶውን መደርደሪያ እያየች "በቀን ስንት?" ስትለኝ፣ "ጎረቤቴን ጠይቂያት" አልኩ፤ ጎረቤቴ ተናግራ እስክትጨርስም ድረስ አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

የጎረቤቴንም ሬዲዮ ሠራሁላት። ስንት ሰዓት እንደፈጀ አልቆጠርኩም። አንድ ጣቢያ ይይዛል፤ መጥበሻው ሲግል ሁለት።