ፍሪጅ የተሸጠበት በጋ

የሕንጻው ጎረቤቶች «ሞተር» ነበር የሚሏት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያወጣላት ሰው ግን አልተሳሳተም። ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ ያያት የለም። ብርጭቆውን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ መስኮት ትወለውላለች። ሰው ስታነጋግር እንኳ ዐይኗ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ያልታጠፈ ልብስ፣ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ይፈልጋል። ሥራዋ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ መተኮስ ነው። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ስትቀቀል የዋለ ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ጋደም ይላል። እሷ ጫማዋን ሳታወልቅ ድስት ትጥዳለች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት አራት ሆነው ይኖራሉ፤ እሷ፣ ቀለም ቀቢ ባሏ፣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ልጃቸውና የባሏ እናት። አማቷ እንደ እሷ አይደሉም። በጉብዝናቸው ዘመን መጋረጃ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን ዐይናቸው ደክሞ መርፌ የሚይዙት ለስኳር በሽታቸው ብቻ ነው፤ ጠዋትና ማታ ራሳቸውን ይወጋሉ። አንድ ብርቱካን ልጠው እስኪጨርሱ ፀሐይ ትዞራለች። ወሬ ከጀመሩም የሰፉት መጋረጃ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ያሰፋችው ሴትዮ የማን ልጅ እንደነበረች፣ ልጅቷን ማን እንዳገባት ሳይናገሩ አይጨርሱም። ምራታቸው ከማድ ቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ማድ ቤት ስትመላለስ ወሬውን በቁርጥራጩ ነበር የምትሰማው።

ያ በጋ ኑሮ ጣራ የነካበት ነበር። ከሕንጻው ሥር ያለውን ባለሱቅ ሰፈሩ «ዛሬ ጨመረ» ይለው ጀመር፤ ዘይት ቢጠይቁት፣ ሳሙና ቢጠይቁት፣ ክብሪት ቢጠይቁት መልሱ ይኸው ነበርና። ባልየው በከተማው ሥራ ሲቀዘቅዝበት ሩቅ አገር አዲስ የተሠራ ትምህርት ቤት ለመቀባት ተዋውሎ ሄደ። ሲሰናበት ሚስቱን እናቴን አደራ ብሏት ነበር። እሷ አደራውን በራሷ መንገድ ተረዳችው። እሱ የሚልከው እንዲበረክት ከቤቱ ገንዘብ የሚያፈስ ቀዳዳ ሁሉ መደፈን አለበት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ዘይት ልትገዛ ጎራ አለች። ባለሱቁ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል አውቃ ጠርሙሱን መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ ከረገጥኩ እኔ እኔ አይደለሁም» አለችው።

«እህቴ፣ እኔ እኮ አይደለሁም የጨመርኩት፤ እኔም ላይ ተጨምሮብኝ ነው» አለ ባለሱቁ። እሷ ግን ይህን ሲል ሁለተኛ ፎቅ ደርሳ ነበር።

መጀመሪያ በዳቦው ጀመረች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሆና ዱቄት በጆንያ ገዝታ ተካፈለች፤ ሌሊት እያቦካች ጎሕ ሲቀድ በወፍራም ብረት ድስት ትጋግራለች። የመጀመሪያው ዳቦ ድንጋይ ሆነ። ልጅቷ በር ማስደገፊያ ይሁን ብላ ቀለደች። ሦስተኛው ላይ ግን ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ጎረቤት አስወጣ። ቀጥሎ የባሏን ባዶ የቀለም ባልዲዎች ፈግፍጋ አጥባ ጣራው ላይ ደረደረችና ጎመን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ተከለችባቸው። ከሆቴሉ ወጥ ቤት የሚደፋውን የመጥበሻ ዘይት ለምና ሳሙና ሠራች። ሳሙናው እድፍ ያስለቅቃል፤ የማይለቀው የራሱ ሽታ ነው። የልጅቷ ዩኒፎርም የተጠበሰ ዓሣ እየሸተተ የክፍል ጓደኞቿ «ሳርዲን» አሏት። ልጅቷ አልቅሳ ስትነግራት እናቷ ስም አያቆሽሽም አለቻት፤ እኔንም ሞተር ይሉኝ የለ ወይ ብላ አለፈችው።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሠርቶላታል። ከባሏ የሚመጣው ወሩን ያደርስ ጀመር። ነገር ግን የተሳካላት ነገር አያሳርፋትም። ዳቦው ሲሰምር ሳሙናው፣ ሳሙናው ሲሰምር ደግሞ ሌላ ነገር ይታያታል። አንሶላ ስትተኩስ ልቧ ጣራው ላይ ነው፤ ጣራው ላይ ጎመኑን ስታጠጣ ልቧ ሊጡ ዘንድ ነው። እግሯ የቆመበትን ልቧ ጥሎት ይሄዳል።

እንዲህ ስትቅበዘበዝ ጆሮዋ ፍሪጁን ሰማ። ያረጀ ፍሪጅ ነበር። ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሲቆም ይቃትታል። ከዚያን ቀን በኋላ በተንጓጓ ቁጥር የመብራት ክፍያው ሲሮጥ የሰማች ይመስላት ጀመር። ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ጎመኑ ከጣራ በየቀኑ ይወርዳል፣ ዳቦው ሳያድር ያልቃል። የቀረው የአማቷ መድኃኒት ነው። ለእሱም መላ አገኘች። አብራት የምትተኩስ ሴት አገራቸው ውስጥ አትክልት እንዴት እንደሚያቀዘቅዙ ነግራት ነበር፤ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፣ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው ውኃ ይጠጣል፣ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ጥላና ነፋስ ካገኘ በውስጡ ያለው ነገር ይቀዘቅዛል።

ሠርታ ሞከረችው፤ እውነትም ቀዘቀዘ። ፍሪጁን ለአንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ሸጠችው። ባሏን አልጠየቀችውም፤ ሲመጣ በሥራዬ ይደነቃል ብላ ነው። አማቷ ሁለት ሰዎች ፍሪጁን ታቅፈው ሲያወጡ ከወንበራቸው ሆነው አዩና መድኃኒቴስ ብለው ጠየቁ። ማሰሮውን አሳየቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን አስገብተው ትንሽ ቆዩ፤ ቅዝቃዜው ደርሷቸው «እንዳልሽ» ብለው ተቀመጡ።

ማሰሮው ማድ ቤቱ ጥግ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ሳምንት በደንብ አገለገለ። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ፣ ማታ ስትገባ አሸዋውን ታርሰዋለች። ጣጣው የመጣው በዳቦው ነው። የሆቴሉ ሠራተኞች ቀምሰው ስለወደዱት እየጋገርሽ ሽጪልን አሏት። ዳቦ የሚበርድበት መደርደሪያ አስፈለገ፤ መደርደሪያው የሚገባበት ጥግ ደግሞ ያው የማሰሮው ጥግ ነው። ማሰሮውን ለጊዜው ብላ በረንዳው ላይ አወጣችው። ስታወጣው ጠዋት ነበር፤ በረንዳው ጥላ ነው። ከቀትር በኋላ ያ በረንዳ እንደ ምድጃ እንደሚግል ታውቃለች፤ ልብስ የምታሰጣው እዚያው ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ ሥራው በረታ፣ ዳቦ የሚጠይቀው በዛ፤ ለጊዜው የተባለው እዚያው ሰነበተ። አሸዋውን ማራስም አንዱን ቀን ስታስታውስ ሌላውን ቀን ትረሳዋለች።

አሮጊቷ ውኃ ማብዛት ጀመሩ። ብርጭቆው ካጠገባቸው አይርቅም፤ ከመታጠቢያ ቤት መመላለሱም ባሰ። ልጅቷ ለእናቷ አያቴ ውኃ አይበቃትም አለች። እናቷ ሊጥ እየመታች ሙቀቱ ነው፣ ሁላችንንም ጠምቶናል አለቻት። ፊታቸው መክሳቱን አላየችም ማለት አይቻልም፤ አይታለች። ሲመሽ አጠገባቸው ተቀምጬ እጠይቃቸዋለሁ ትልና ሲመሽ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከምድር ቤቱ ስልክ አለሽ ተብላ ተጠራች። ልጅቷ ነበረች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷን ወንበራቸው ላይ አንገታቸው ዘንበል ብሎ አገኘቻቸው፤ ስትጠራቸው የሚመልሱት ቃል አይገባም። አሁን ጤና ጣቢያ ናቸው። ሞተር የጋለውን ካውያ አንሶላ ላይ ትታ ወጣች፤ ባልደረባዋ ደርሳ ባታነሳው አንሶላው ይነድ ነበር።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከልጇ አጠገብ የተቀመጠው ባለሱቁ ነበር። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ልጅቷ ጎረቤት ፍለጋ ደረጃውን እየጮኸች ስትወርድ ሰምቶ፣ ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ፣ አሮጊቷን በጀርባው አዝሎ ከሦስተኛ ፎቅ ያወረዳቸው እሱ ነው። ልታመሰግነው ጀመረች። እሱ ግን አላስጨረሳትም፤ ግቢ፣ ይጠብቁሻል አላት።

ነርሷ የስኳር መጠናቸው ሰማይ መውጣቱን ነገረቻት። መድኃኒታቸውን ይወጉ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች፤ አንድ ቀን አላቋረጡም። የት ነው የምታስቀምጡት አለቻት። ሞተር ስለ ማሰሮው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ በረንዳው ተናገረች፤ እየተናገረች ሳለች ለራሷ ገባት።

«ሙቀት መትቶታል» አለች ነርሷ። «ሴትዮዋ ውኃ ሲወጉ ነው የከረሙት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ በራሷ ላይ ሲደርስ ተረት አልመስል አላት። 

አሮጊቷ ተኝተው እንዲታከሙ ተደረገ። ሁለተኛው ቀን ላይ አእምሯቸው ተመለሰ፤ ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ፈሳሽ በቱቦው ጠብ ጠብ ሲል እየተከተሉ በዐይናቸው ይቆጥራሉ። ምራታቸው ከአልጋው አጠገብ የምትሠራው ነገር አጣች። አንሶላውን በመዳፏ ትተኩሳለች፣ ትራሱን ታገላብጣለች፣ የውኃውን ጠርሙስ ከቀኝ ወደ ግራ ታዛውራለች።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ አማቷ።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ፣ እማዬ።»

«ቂጥሽ ነው የተቀመጠው።»

አልሳቀችም። እንባዋ ቀድሟት መጣ። ማሰሮውን ከጥላው ያወጣችው እሷ መሆኗን፣ ማራሱን እየረሳች መክረሟን፣ ውኃ ጥማቸውን አይታ ማለፏን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። 

«አውቃለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ወደ በረንዳ ስታወጪው አይቻለሁ። በኋላ ስነካው ሞቋል። እነግራታለሁ ብዬ ቆመሽ እስክታዳምጪኝ ጠበቅሁ፤ አልቆምሽም። እያለፍሽ ስትሄጂ ‹ልጄ› እላለሁ፣ አንቺ ‹መጣሁ› ትያለሽ። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ መጮህ ነበረብኝ። መጮህ ግን አልለመድኩም።»

ይህ ከነርሷ ቃል ይልቅ ዘልቆ ገባት። ስንት ጊዜ መጣሁ እንዳለች ልታስታውስ ሞከረች፤ መጣሁ ያለችውን ሁሉ እንጂ የመጣችበትን አንዱንም ማስታወስ አልቻለችም።

ለባሏ በስልክ የነገረችው ራሷ ናት። 

«ፍሪጁን ሸጥሽው?»

«ሸጥኩት።»

«ሳትጠይቂኝ።»

«ሳልጠይቅህ።»

 ፈቃድ ጠይቆ መጣና እናቱን ከሐኪም ቤት አወጣ። ሁለት ቀን ከሚስቱ ጋር በደንብ ሳይነጋገር ቆየ። ሦስተኛው ቀን ጣራው ላይ ወጥቶ በራሱ ባልዲዎች ውስጥ የበቀለውን ቲማቲም አይቶ ወረደና ይሄንን ደግ ሠርተሻል አላት። ከዚያ ፍሪጅ ጥየቃ አብረው ወጡ። የገቡበት ሱቅ ሁሉ ትናንት ብትመጡ ኖሮ ይሏቸዋል። አዲሱ የማይሞከር ሆነ፤ አሮጌውም ቢሆን እሷ ከሸጠችበት እጥፍ ሆኗል። ባልየው ሥራውን ጨርሶ ሙሉ ክፍያውን እስኪቀበል መጠበቅ ግድ ሆነ። መድኃኒቱ ግን አይጠብቅም።

ሞተር ደረጃውን ወረደች። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ያን የማለችውን መሐላ እሷም እሱም ያስታውሱታል። ደንበኛ እስኪወጣ ቆማ ጠበቀች፤ እጆቿ ሥራ ፈተው ስለማያውቁ የተዘበራረቀውን የክብሪት ፓኮ አስተካከለች።

«ወንድሜ፣ የእማዬን መድኃኒት ፍሪጅህ ውስጥ የምታስቀምጥልኝ ቦታ ይኖርሃል?»

«ከለስላሳው ጎን ቦታ አለ።»

«ኪራዩን ንገረኝ።»

ባለሱቁ አንገቱን አከከ። «ኪራይ ምን ያደርጋል? ከዚያ ከዳቦሽ ካቀመስሽኝ ይበቃኛል። ሽታው በደረጃው እየወረደ ስንት ቀን አስቸገረኝ። እኔ ራሴ ዳቦ ከጨመረ ወዲህ መግዛት ትቻለሁ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የመጀመሪያው ዳቦ ከድስቱ ሲወጣ ለሱቁ ይወርዳል። ጭንቀቷ ግን አልተዋትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ታች ትሮጣለች። እሑድ እሑድ ባለሱቁ አርፍዶ ስለሚከፍት ከመዝጊያው ፊት ቆማ እግሯን ታማታለች። እሱም በኋላ ሰለቸውና የጎን በሩን ትርፍ ቁልፍ ሰጣት።

አሮጊቷ ሲበረቱ መድኃኒታቸውን ከሱቁ እየወሰዱ መወጋት ጀመሩ። ደረጃውን ቀስ ብለው ይወርዳሉ፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ፣ ለገዢው ሁሉ የመጋረጃ ታሪክ ያወራሉ። ዋጋ ሰምቶ ሊቆጣ የነበረው ሰው ወሬውን ሰምቶ ይወጣል፤ ባለሱቁም ይህን ወደደው። በጋው አልቆ ባልየው ተመልሶ አንዲት ትንሽ አሮጌ ፍሪጅ ሲገዛም አሮጊቷ ሱቅ መውረዳቸውን አልተዉም። ማሰሮው ማድ ቤቱ ጥግ ተመልሶ ጎመን ይቀመጥበታል። ሳሙናውን ግን በልጅቷ ልመና ትተውታል።

ሞተርስ? ሞተር ሞተር ናት፤ አሁንም ሻይ ቆማ ትጠጣለች። አንድ ነገር ብቻ ጨምራለች። በየማታው ከእራት በኋላ ከአማቷ አልጋ ጫፍ ትቀመጥና ወሬያቸውን ከመጀመሪያው ትሰማለች። ጨርቁ ምን እንደነበር፣ ያሰፋችው የማን ልጅ እንደነበረች፣ ልጅቷን ማን እንዳገባት። ጉልበቷ ከብርድ ልብሱ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ዐይኗ በሩን ያያል፤ አትነሳም ግን። አሮጊቷም ያውቁባታል። ወሬው መሐል ላይ፣ ሙሽራዋ ገና ከቤት ሳትወጣ፣ ይቆሙና «በይ ሂጂ፣ ሊጥሽ ገንፍሏል» ይሏታል። ቃሉን ሳይጨርሱት ብድግ ብላ ሄዳለች።