ማሽኑ የማይውጠው

አዲስ አበባ ያለው ኮምፒዩተር ቁጥር እንጂ ቃል አይውጥም። አንድ መስመር ላይ ቃል ካገኘ ይታነቅና የሰፈሩን ጥራዝ በሙሉ ይመልሳል። እንዳይታነቅ ቀድማ አጥንቱን የምትለቅምለት፣ ድሬ ዳዋ ላይ፣ ሰርካዲስ ነበረች።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. የነዋሪ ምዝገባ ሲካሄድ ከዚራ ሰፈር ባለው ቢሮ፣ ላቧ ወረቀቱን እንዳያረጥበው ክንዷ ሥር ፎጣ አንጥፋ በቀይ እርሳስ ስታርም ትውላለች። አንዷ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣልያን ሲገባ ድክ ድክ እል ነበር» ብላለች፤ ሰርካዲስ አስልታ ሃምሳ ታደርጋታለች። ሥራውን ትችልበታለች፤ ትኮራበታለችም።

እርማት እንቢ ያለው በሰባ ዓ.ም. በቀይ ሽብር የታፈሱት ወጣቶች ጉዳይ ነው። ቅጹ የሚያውቀው እዚህ ያለን፣ ሌላ አገር ያለንና የሞተን ብቻ ነው። ቀበሌ ወስዶ ያልመለሰው ልጅ ከሦስቱም የለበትም፤ ሬሳው አልተሰጠ፣ ለቅሶው አልተፈቀደ። ወላጆቹ «ይመጣል» ይላሉ፤ መዝጋቢውም እንደሰማ ይጽፋል። እንዲህ ያለው መስመር ይሰረዝ የሚል መመሪያ መጣ። ሰርካዲስም ሰረዘች። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ።

በመጨረሻ የለገሃር ጥራዝ ተራው ደረሰ፤ የራሷ ሰፈር። እናቷ ወይዘሮ ተሻለች ወንድሟን አስመዝግበዋል፤ «ክፍሉ፤ ሃያ አራት ዓመት፤ ወጣ ብሏል።» ሲወስዱት አሥራ ስምንት ነበር። እናት በየዓመቱ አንድ ሲጨምሩለት ኖረዋል። ያን ጠዋትም «ክፍሉን እንዳይዘሉብኝ፤ አንቺ እዚያው አይደለሽ?» ብለው ነበር የሸኟት።

አለቃዋ ዓብዱልአዚዝ ከኋላዋ ቆሞ አነበበው።

«አቦ ሰርኪ፣ ተይው፤ እኔ ልሰርዘው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እዚህ አለ ብልስ?»

«ወላሂ፣ ለውትድርና ሊፈልጉት እናትሽ ደጃፍ ይቆማሉ። የት ደበቃችሁት ቢሉ ምን ልትይ ነው?»

«ሌላ አገር ነው፣ ወይም ሞቷል ብልስ?»

«ማን ነገረሽ ይሉሻል።»

እርሳሱን አልሰጠችውም። ወንድሜን ባዕድ አይሰርዘውም ብላ በገዛ እጇ ሰረዘችው። መስመሩ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ይሄ ራሱ አንገበገባት። ጥራዙ ንጹሕ ነው ተብሎ ከሰዓት በኋላ ባቡር ላይ ተጫነ።

እናቷ በር ላይ ጠበቋት።

«ክፍሉ ገባ?»

«ገብቷል፣ እማዬ።»

«እሰይ። በቁጥራቸው ከገባ እንግዲህ ሊጠየቁበት ነው፤ መልሰው ማምጣታቸው አይቀርም» አሉና የክፍሉን ሸሚዞች ከሣጥን አውጥተው ሊዘፈዝፉ ጎንበስ አሉ። ሰርካዲስ ውኃ አቀበለቻቸው።