ለሞክሼዋ ከተማ የተጫነው ወንበር

ወንድሜን መናኸሪያ ውስጥ «ጥድፊያ» ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ላይ ዕቃ ሲጭን ኖሯል፤ ካርቶን ላይ የከተማ ስም ካየ አለቀ፣ ሽቅብ ነው። ቤትም ያው ነው። ሻዩን ሳይበርድ ይጨልጥና ምላሱ ሲቃጠል እኔን ይቆጣኛል።

እኔ እግሬ ከከዳኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከአልጋ እስከ መስኮት ነው ዓለሜ፣ እሱም በጥድፊያ ጀርባ ታዝዬ። አንድ ባለጸጋ እንደኔ ላሉት ተሽከርካሪ ወንበር ይሰጣሉ ሲባል ጻፍንላቸው፤ ይባረኩ፣ እሺ አሉ። ታዲያ ሰውዬው ስድስት ሰዓት ከሚያስኬድ መንገድ ማዶ ካለች ከተማ ጋር ሞክሼ ናቸው። ወንበሩን በመናኸሪያው በኩል በላኩበት ካርቶን ላይ የሰጪው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የኔው ከታች ጉንዳን ጉንዳን በሚያክሉ ፊደላት።

ወር ሙሉ ወንበሬን ሲጠብቅ የከረመው ወንድሜ ማክሰኞ ጠዋት በገዛ እጁ ወደዚያች ከተማ ጫነው።

ለምሳ ገብቶ ሳለ የባለጸጋው ጸሐፊ ደውላ ወንበሩ ተስማምቶኝ እንደሆን ጠየቀችኝ። ካርቶኑ ምን እንደሚመስል ስትነግረኝና ጮክ ብዬ ስደግመው ወንድሜ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ በሦስተኛው ቀን ለሌላ እንደሚሰጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እዚያ ደወለ፣ ደጋገመ፤ የሚያነሳ ጠፋ። እኔም አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት።

በማግስቱ ተሳፈረ። ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ የላከባትን ከተማ አንድ ቀን አይቷት አያውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ወንድሜ ነው። ካርቶኑን የዚያች ከተማ መናኸሪያ ጥበቃ ተቀምጦበት ነበር ያገኘው። አመስግኖ አስነሳውና ስድስት ሰዓት ሙሉ በእግሮቹ መሀል አቁሞ፣ አቅፎት መጣ።

«ጣሪያው ላይ አታስጭነውም ነበር?» አልኩት።

«ጫኞች አያነቡም» አለ።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እፎይ! ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የት እንደገባ እንጃ።

ገጣጥሞ አስቀመጠኝ፣ በሩንም ከፈተልኝ። ጎማውን በሁለት እጄ ገፋሁና ግቢውን አልፌ መንገዱ ጋ ስደርስ ወንድሜ ከኋላዬ እያለከለከ ይሮጣል።

«ቀስ በይ እንጂ እህቴ፣ ምን ያጣድፍሻል?»