ጋሽ ሸምሱና ሰው የሚወደው ማሽን

ብዙዎቻችሁ የግቢያችሁን በር የሠሩላችሁ፣ የመካኒሳ አቦ ሰፈር በያጅ ጋሽ ሸምሱ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በቤታቸው ዐርፈው፣ በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘይነባ፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ። ስለ ደግነታቸው እያንዳንዳችሁ የምትናገሩት አታጡም። እኔም የምለው ስላለኝ ይህችን ለመጻፍ ደፈርኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ሁለት እግሬን ሰሜን ግንባር ትቼ ስመለስ ገና ወጣት ነበርኩ። እናቴ ቤት ጓዳ ገባሁና ከዚህ በኋላ አልወጣም አልኩ። ሊጠይቀኝ የሚመጣውን ሁሉ ተኝቷል በያቸው እላታለሁ። እናቴ ደግሞ ውሸት ስለማይሆንላት «ተኝቷል በያቸው ብሎኛል» እያለች ትመልሳቸዋለች። ሰዉም ገብቶት ቀስ በቀስ መምጣቱን ተወ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጋሽ ሸምሱ ግን የሚተዉ ሰው አልነበሩም። አንድ ቀን ሜትር ይዘው ጓዳ ድረስ ዘለቁና ወገቤንና ክንዴን ይለኩ ጀመር።

«ምን ሊሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«ተሽከርካሪ ወንበር።»

«የት ልሄድበት?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። የኔ ሥራ ብረቱ ነው» ብለው ሜትራቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ብረቱም ቢሆን ቀላል ሥራ አልነበረም። ወንበሩን በእጄ እንድገፋው ከስስ ቱቦ መሠራት ነበረበት፤ የለመዱት የኤሌክትሮድ ብየዳ ደግሞ ስሱን ቱቦ እየበሳ አስቸገራቸው። በዚያው ሰሞን ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰው የእህታቸው ልጅ አንድ ትንሽ የብየዳ ማሽን አምጥቶላቸው ነበር። ማሽኑ በኤሌክትሮድ ፋንታ ቀጭን ሽቦ ከጥቅሉ ላይ እየሳበ ያቀልጣል፤ የቀለጠውን ብረት አየር እንዳያበላሸው ደግሞ ጋዝ ይነፋበታል። ጋዙን ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የሚሠራ ወዳጃቸው አስፈቅዶ በሲሊንደር አስሞላላቸው። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ሸምሱ ብረቱን ለስላሳ ሊያጠጡት ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

እንዲህ ያለ ማሽን ነክተው አያውቁም። መጀመሪያ የቤቱን ባልቦላ አቃጠሉ። ባልቦላው ተቀይሮ የቆጣሪው መስመር ሲስተካከል ደግሞ ሽቦው አስቸገረ። ሲፈጥን እጃቸውን እየገፋ ይንጣጣል፣ ሲዘገይ ከሚወጣበት አፍንጫ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጥቂት እየጨመሩ፣ ጥቂት እየቀነሱ በጆሯቸው ይፈልጉት ጀመር። «ጥብስ እንደሚጠበስ ቸስ ሲል ልኩ እሱ ነው» አሉ። ሥጋ በጠፋበት በዚያ ዘመን ወይዘሮ ዘይነባ ከማዕድ ቤት ሆነው «እሰይ፣ ጥብስም በጆሮ መብላት ጀመርን» ይሏቸው ነበር።

ድምፁ ተስተካክሎም ግን ነገሩ አልገባ አለ። እሑድ እሑድ ጎረቤቱ አዲሱን ማሽን ለማየት ከቧቸው ሲቆም ብየዳው ልስልስ ብሎ ይወጣል። በሥራ ቀን አመሻሹ ላይ ብቻቸውን ሲሠሩ ደግሞ ዓይኑ እንደወጣ እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ለእንጀራ ያማረው ለብየዳ አይሆንም። ሰፈሩም ተማክሮ ፍርዱን ሰጠ፤ ማሽኑ ሰው ይወዳል፣ ጭር ሲልበት ያኮርፋል ተባለ።

የመጀመሪያውን ወንበር ብቻቸውን ሠርተው አመጡልኝ። ገና ተደግፌ ስቀመጥበት ብየዳው ለቀቀና እናቴ ፊት ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። ከሕመሙ ይልቅ የእናቴ ጩኸት አንገበገበኝ። «ሁለተኛ እንዳያመጡብኝ» አልኳቸው። ስብርባሪውን ሰብስበው ወጡ።

በቀጣዩ እሑድ ሁለት ጎረቤት አስከትለው መጡ። «ማሽኑ ሰው ይወዳል እያሉኝ ነው፤ ሰው ጎድሎብኛል» አሉና አፌን ሳልከፍት አንሥተው ግቢያቸው ወስደው እግራቸው ሥር አጎዛ ላይ አስቀመጡኝ። ዓይኔን እንዳይጎዳው ጥቁር መስተዋት ሰጡኝ። እኔም ተናድጄ፣ ማየት የምችለው እሱን ብቻ ስለነበረ፣ ከብየዳው የሚወጣውን ጢስ ሳይ ዋልኩ።

ሰዉ ቆሞ ሳለ ጢሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለምሳ ሲበተን ግን ወደ በሩ ይተኛል።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ጢሱ እያጎነበሰ ነው» አልኳቸው።

የፊት መከላከያቸውን ወደ ላይ ገፍተው ጢሱን አዩ፤ ቀጥሎ ከአጥሩ በላይ ወደ ለቡ አዩ። ያኔ ለቡ ገና እርሻ ነበር፤ ነፋሱን የሚያግድ ቤት አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ጋዝ በማያስፈልገው ኤሌክትሮድ ሲበይዱ ነፋስ አስቸግሯቸው ስለማያውቅ ጠርጥረውት አልነበረም። «ለካ ነፋሱ ጋዙን ከእጄ ላይ እየነጠቀኝ ነው» አሉና እስኪያነቡ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ በፈረቃ እየመጣ በነፋሱ በኩል ይቆም ነበር፤ እኔም ጢሱን እጠብቃለሁ። ቆሞ ዝም የሚል ሰው ደግሞ ሰፈራችን የለም። ተኝቷል እያስባልኩ የመለስኳቸው ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ መጥተው አጠገቤ አወሩ። እኔም ሳላስበው መልስ ሰጠሁ፤ አንዳንዴም ሳቅሁ። ወንበሩ ሲያልቅ ጋሽ ሸምሱ ወፍራሙን የሰፈሩን ሥጋ ሻጭ አስቀምጠው ሞከሩትና ለእኔ አስረከቡኝ። ጎማው ስንት ጊዜ ተቀይሯል፣ ብየዳው ግን ይኸው እስከዛሬ አለ።

አንድ ነገር ከንክኖኝ ጠየቅኋቸው። «ያ ሁሉ ሰው ከሚቆም አንድ ቆርቆሮ ቢያቆሙ አይበቃም ነበር?»

«ቆርቆሮማ ከቤቱ ኋላ ሞልቷል» አሉኝ፤ «ነፋስ ይመልሳል እንጂ አይጫወትም።»

በዚያው ሳምንት በገዛ እጄ እየገፋሁ ከበራችን ወጣሁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ።

ጋሽ ሸምሱ፣ ዓርብ ዕለት ሰዉ ቃሬዛዎን ለመሸከም ሲሽቀዳደም እኔ ከኋላ ቀርቼ ነበር። ትከሻዬ ከሰው ትከሻ በታች ስለሆነ ተራው አይደርሰኝም ብዬ ትቼው ነበር። ታላቁ ልጅዎ ዞር ብሎ ሲያየኝ ሰዉን አስቆመ። ሁሉም ጎንበስ ብለው ቃሬዛውን እኔ ትከሻ ድረስ ዝቅ አደረጉልኝ። አንዱ ወንበሬን ከኋላ ገፋልኝ፤ እኔም እንደማንኛውም ጎረቤት ተራዬን ተሸከምኩዎት። ደኅና ይሁኑ ጋሽ ሸምሱ፤ አላህ በጀነት ያኑርዎ።